በባዶ አፍ አትፍረዱ፦ ለወሎ ማዕድ ጉሽ፣ ፊልተር፣ ጠጅ፣ ቅሪቦ ወይስ የጠርሙስ ቢራ?

ደሴ ላይ እንግዳ የሚቀበል ቤት ሁሉ ይህችን ሰዓት ያውቃታል። የፍየሉ ጥብስ ይንጣጣል፣ ዶሮ ወጡ ከእሳት ወርዷል፣ መሶቡ ተከፍቷል። አንዱ ልጅ በር ላይ ጫማውን እያሰረ «ምን ልግዛ?» ይላል። ከውስጥ «ቢራ ነዋ! የተገኘውን» ይባልና ነገሩ ያበቃል። ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ቁሌት ሲቁላላ ያደረ ቤት መጠጡን በግማሽ ደቂቃ ይወስናል።

ያቺ ግማሽ ደቂቃ ትቆጨኛለች። በእጃችን ያለው ምርጫ እኮ ብዙ ነው። ደጋው የገብስ ጠላ አለው፣ ቆቦና ቃሉ የማሽላ፣ ላስታ ጠጁን ይጥላል፣ የሙስሊሙ ቤት ከተቆላ ገብስ ቅሪቦ፣ ከማር ብርዝ ያዘጋጃል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ቢራ ፋብሪካ አላት። አሁን አሁን ከአዲስ አበባም ከውጭም ክራፍት ቢራ የሚባለው፣ በትንሽ በትንሹ የሚጠመቀው ዓይነት በሻንጣ እየመጣ ነው። ይህን ሁሉ ይዘን ለጥብሱም ለአሳውም ለሽሮውም አንድ ዓይነት ጠርሙስ መደርደር ምግቡንም መጠጡንም መበደል ነው።

እኔን ወደዚህ ነገር ያስገባኝ አንድ የገና ምሳ ነው። ከውጭ የመጣ ዘመዳችን ስድስት ጣሳ አይፒኤ ይዞ መጣ። አይፒኤ ሆፕ የሚባለው መራራ አበባ በብዛት የሚገባበት የክራፍት ቢራ ዓይነት ነው። በዋዜማው ማታ አንዱን ከፍተን ተካፈልነው፤ የብርቱካን ልጣጭ ይሸታል፣ የጥድ ሙጫም አለበት፣ ምሬቱ ንጹሕ ነው። ወደድነው። በማግስቱ ከዶሮ ወጥ ጋር ቀረበ። አጎቴ ሁለቴ ተጎነጨለትና ብርጭቆውን አስቀምጦ ውሃ ጠየቀ። ሌሎቹም ተከተሉ። ቤቱ ሁልጊዜ የሚሠራው ያው ዶሮ ወጥ፣ ያው በርበሬ፣ አፍ የሚያነድ እሳት ሆነ። ቢራው ጥሩ ነበር፤ ወጡም ጥሩ ነበር። አብረው ግን አልተስማሙም።

ከዚያ ወዲህ ለማዕድ የሚሆን መጠጥ በባዶ አፍ ቀምሼ አልመርጥም። መጀመሪያ አንድ ጉርሻ፣ ከዚያ መጠጡ፣ ከዚያ ፍርዱ። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር ሁሉ በዚህ መንገድ የተቀመሰ ነው።

ጉርሻው ምላስ ላይ ምን ያደርጋል?

የእኛ ማዕድ ከሌላው የሚለየው በእንጀራው ነው። እንጀራ ኮምጣጣ ነው። ኮምጣጣ ነገር የጎረሰ አፍ ቀጥሎ የሚመጣውን መጠጥ ኮምጣጣነቱን ይቀንስለታል፣ ጣፋጭነቱን ደግሞ ይጨምርለታል። በባዶ አፍ «ትንሽ ኮምጥጧል» ብላችሁ የመለሳችሁት ጠላ ከእንጀራ ጋር ልክ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በባዶ አፍ ያማረው ጣፋጭ ጠጅም ከእንጀራ በኋላ የሚሰለቸው በዚሁ ነው። የጠርሙስ ቢራችን ደግሞ ኮምጣጣነት ስለሌለው ከእንጀራው ጎን አንዳንዴ ውሃ ውሃ ይላል።

ሁለተኛው በርበሬው ነው። የሆፕ ምሬት የበርበሬን ማቃጠል ያጎላዋል፤ አልኮሉ ከፍ ሲልም እንደዚያው። ጋዝ የሚሰነፍጥበት የአፍ ስሜት ከበርበሬው ቃጠሎ ጋር ስለሚደራረብ ብዙ ጋዝ ያለው መጠጥ ቅዝቃዜው ለአፍታ ያበርድና ወዲያው ተመልሶ ያነዳል። የብቅል ወይም የማር ጣፋጭነት ግን ቃጠሎውን ያስታግሳል። የገናው ምሳችን የተበላሸው እዚህ ላይ ነበር፤ ምሬቱም፣ ጋዙም፣ አልኮሉም አንድ ላይ በርበሬው ላይ ወደቁ።

ሦስተኛው ቅባቱ ነው። ጮማ፣ ቂቤ፣ የፍየል ስብ ምላስን ይሸፍናል። እሱን የሚያጥበው ጋዝ ወይም ኮምጣጣነት ነው፤ ምሬትም ያግዛል። ስለዚህ ለዶሮ ወጥ ጠላት የሆነው ጋዝ ለጥብስ ወዳጅ ነው። የንጽጽሩ ቁልፍ ይኸው ነው፤ «የቱ ቢራ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም፤ «ከምን ጋር?» መባል አለበት።

ስለ አቀማመስ

ድሮ ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ጥቂት መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምስ ነበር፤ መጠጡ ከክፉ ነገር የጸዳ መሆኑን ለእንግዳው ማሳያ ነው። አክስቴ ዛሬም አትተወውም። ግራ መዳፏን እንደ ማንኪያ ታጎድጉዳለች፣ ከማንቆርቆሪያው ጠብ ታደርግበታለች፣ ወደ አፏ ከማስጠጋቷ በፊት ግን ለአፍታ ትቆያለች። ለምን እንደምትቆይ ስጠይቃት «ጢሱ እስኪመጣ» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የመዳፍ ሙቀት ጠረኑን ያስነሳዋል። ቀዝቃዛ ብርጭቆ ውስጥ ተኝቶ የነበረው የወይራ ጢስ፣ የተቆላው ገብስ፣ ካለበትም የሻጋታው ሽታ መዳፍ ላይ ይነቃል። ከሰለጠኑ የቢራ ቀማሾች ዘንድ ብርጭቆን በእጅ አቅፎ ማሞቅ የሚባለው ልማድ ተመሳሳይ ሥራ ነው የሚሠራው።

የጠርሙስ ቢራ ሲሆን ብርጭቆውን አዘንብሎ መቅዳት፣ መጨረሻ ላይ ቀና ማድረግ፣ ሁለት ጣት ያህል አረፋ ማስቀረት ያስፈልጋል። አረፋው ጠረኑን ይዞ ይወጣል፤ ከአፈ ጠርሙስ የሚጠጣ ሰው ይህን አያገኘውም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ያው ጠርሙስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ከሚከፈተው ይልቅ እዚህ አረፋው ይበረታል። ቀስ ብላችሁ ቅዱ።

ብዙ ዓይነት በአንድ ቀን የምትቀምሱ ከሆነ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሂዱ፤ ቅራሪ የሚባለው ቀጭኑ ጠላ፣ ከዚያ የጠርሙስ ቢራ፣ ከዚያ ያልተጣራው ጉሽና የተጠለለው ፊልተር ጠላ፣ መጨረሻ ጠጅ። በየመሃሉ ቂጣ ወይም ድፎ ዳቦ ቁራሽና ውሃ ይበቃል። ከመቅመስ በፊት ቡና አትጠጡ። ወሎ ላይ ይህን ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ግን አቦሉ ምላስን ስለሚይዘው ከዚያ በኋላ የሚቀመሰው ሁሉ ቡና ቡና ይላል። ቡናው እስከ በረካ ድረስ ከማዕዱ በኋላ ይድረስ።

ጠላ፦ በአንድ ስም ብዙ መጠጥ

ብዙውን ቦታ ለጠላ የምሰጠው አዳልቼ አይደለም። ክራፍት ቢራ የሚባለው ነገር ትርጉሙ በትንሽ መጠን፣ በጠማቂው እጅና ፍርድ፣ ከቤት ቤት እየተለያየ የሚሠራ ከሆነ፣ ወሎ ውስጥ በየሰፈሩ አለ። በሩ ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ የተደፋበት ቤት ሁሉ ቢራ ጠማቂ ቤት ነው።

ጠላው ሲጠነሰስ ጋኑ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ ጌሾ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ጥቂት ብቅል ይታከልበታል፤ ይህ ጥንስስ ነው። ከቀናት በኋላ የተፈረፈረ ቂጣ፣ ተጨማሪ ብቅል፣ ከተቆላ አሻሮ ዱቄት የተነኮረ እንኩሮ ይገባበታል፤ ወፍሮ ድፍድፍ ይሆናል፣ አፉ ተመርጎ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ነው ውሃ አግኝቶ ጠላ የሚሆነው። ጠላችሁን ስትቀምሱ ከእነዚህ እርምጃዎች እያንዳንዱን ማግኘት ትችላላችሁ። ቀለሙና የተቃጠለ ዳቦ የሚመስለው ጣዕም የመጣው ከአሻሮው ቁሊት ነው፤ ጢሱ ከጋኑ፤ ምሬቱ ከጌሾው።

የጌሾ ምሬት ከሆፕ ምሬት ይለያል። ሆፕ ከብቅሉ ውሃ ጋር ስለሚፈላ ምሬቱ ምላስ ሥር ተቀምጦ ይቆያል፤ ሽታውም የአበባና የፍራፍሬ ነው። ጌሾ በጠላ ውስጥ ሳይፈላ ይዘፈዘፋል፤ ምሬቱ ደረቅ ነው፣ የእንጨትና የቅጠል ጣዕም አለው፣ ቶሎም ይለቃል። ጌሾ በርበሬን እንደ ሆፕ የማይጣላው ቶሎ ስለሚለቅ ይመስለኛል፤ በየጊዜው ጎን ለጎን ስቀምሳቸው ይህን አግኝቼዋለሁ።

አሁን ወደ ምርጫው። ጉሽ ያልተጣራው ነው፤ ደፍራሽ፣ ወፈር ያለ፣ ገና ለጋ ከሆነ ጥቂት ጣፋጭነት የቀረው። ሆድ ይሞላል። ስለዚህ ከቀላል ምግብ፣ ከቆሎ፣ ከዳቦ፣ ከሽሮ ጋር እንጂ ከጮማ ጋር አልመርጠውም። ፊልተር በጨርቅ የተጠለለው፣ ድፍድፉ የበዛበት፣ ጠንከር ያለው ነው። ተራ ጠላ አልኮሉ ከ2 እስከ 4 በመቶ ሲሆን ፊልተር 5 እና 6 በመቶ ይደርሳል፤ ማለትም ከጠርሙስ ቢራ አይተናነስም። «ጠላ እኮ ነው» ብሎ የደፋፋው ሰው ሲነሳ ነው የሚያውቀው። ቅራሪ የመጀመሪያው ጠላ ከተቀዳ በኋላ ድፍድፉ ሁለተኛ ውሃ ሲያገኝ የሚወጣው ቀጭኑ ነው። ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ለምሳ፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላለበት ሰው፣ ከቅራሪ የተሻለ አላውቅም።

የእህሉም ነገር አለ። የደጋው፣ የወረኢሉና የተንታ አካባቢ የገብስ ጠላ ክብ ያለ ነው፤ የዳቦ ጣዕም አለው። ወደ ቆቦ ስትወርዱ የምታገኙት የማሽላ ጠላ ሰውነቱ ቀለል ያለ፣ ኮምጣጣነቱ ሾል ያለ ነው። ለጥብስ የገብሱን፣ ለሙቀት ቀን የማሽላውን እመርጣለሁ።

ስትገዙ ሁለት ነገር ጠይቁ። የመጀመሪያው «መቼ ተጠለለ?» ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ያለው ልክ ነው፤ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ኮምጣጣነቱ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። ሁለተኛው መያዣው ነው። አንድ ጊዜ ከአንድ ቤት ያመጣሁት ግሩም ፊልተር መሶቡ ላይ ሲቀርብ የዘይት ሽታ ሸተተ፤ ጀሪካኑ የምግብ ዘይት የነበረበት ነው፣ ፕላስቲኩ ሽታውን አልለቀቀም። የጠማቂዋን የሁለት ሳምንት ድካም አንድ ጀሪካን ገደለው። ንጹሕ የመስታወት ዕቃ ወይም ለጠላ ብቻ የተለየ ጀሪካን ይዛችሁ ሂዱ።

የጠርሙስ፣ የድራፍትና የክራፍት ቢራ

በ1915 ዓ.ም. የተጀመረውን ጊዮርጊስን የሚጠምቀው ቢጂአይ ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካ አለው፤ ዳሸንና ሐበሻ ደግሞ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ደብረ ብርሃን ይጠመቃሉ። ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ላገር የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ እርሾው በቅዝቃዜ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ጣዕሙ ንጹሕ፣ ጋዙ ብዙ፣ ምሬቱ መካከለኛ ነው። በመለያ ስም ብዙ እንከራከራለን። ከምግብ ጋር ሲመጡ ግን ልዩነታቸው ሰው እንደሚለው አይሰፋም፤ ከመለያው ይልቅ የጠርሙሱ ትኩስነትና ቅዝቃዜው ይበልጣል። ፀሐይ ላይ የቆመ ሳጥን የማንም ይሁን የማን አትግዙ፤ ብርሃንና ሙቀት ቢራን ያበላሹታል። ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ድረስ የቀዘቀዘ ላገር ጥሩ ነው፤ ከዚያ በታች ወርዶ በረዶ የሠራው ግን ምላስን ያደነዝዛል እንጂ አይቀመስም።

ድራፍት ያው ቢራ በበርሜል ነው፤ ትኩስ ሲሆን ከጠርሙሱ ይበልጣል። ጃምቦ ሲቀርብላችሁ አረፋው ከመስታወቱ ጎን ላይ ቀለበት እየተወ ከወረደ መስታወቱ በደንብ ታጥቧል ማለት ነው። አረፋው ወዲያው ከጠፋ ቅባት ወይም ሳሙና ቀርቶበታል።

ከተለመደው ፈዛዛ ላገር ወጣ ያሉትን መፈለግ ዋጋ አለው። ጊዮርጊስ አምበር ቀላ ያለ፣ ብቅሉ ጎላ ያለ፣ ጥቂት የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ጣዕም ያለው ነው። የሐረር ቢራ ፋብሪካ ያስለመደን ሐኪም ስታውት ሲገኝ ደግሞ ጥቁር ነው፤ የተቆላ እህል፣ የቡናና የጥቁር ቸኮሌት ነገር አለው። ይህን ዓይነት ቢራ ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ሩብ ሰዓት አቆዩት፤ ከ10 ዲግሪ በላይ ሲሆን ነው የሚናገረው። አዲስ አበባ፣ ቦሌ ያለው ቢየር ጋርደን ብሎንዲ የሚባለውን ፈዛዛና ኢቦኒ የሚባለውን ጥቁር ቢራ ሳያጣራ ጠምቆ ያቀርባል፤ እዚያ የደረሰ ወሎዬ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢቀምሳቸው ከእኛው ነጭና ጥቁር ጠላ ጋር ያላቸውን ዝምድና ያገኘዋል።

ስለ አይፒኤ አንድ ነገር ብቻ። ከተገኘ ያለ በርበሬ ምግብ ስጡት። የተጠበሰ ድንች፣ የተቆላ ለውዝ፣ ጨው ያለበት ነገር። ያኔ በዋዜማው እንደወደድነው ትወዱታላችሁ።

ጠጅ፣ ብርዝና ቅሪቦ

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» ይባላል፤ ብርሌው አንገተ ጠባብ መሆኑ ለወግ ብቻ አይደለም፣ የማሩን ጠረን ሰብስቦ ለአፍንጫ ያቀርበዋል። ወደ ላሊበላ ስትወጡ «ለስላሳ፣ መካከለኛ፣ ደረቅ» እያሉ ይጠይቋችኋል። የከተማዋ ስም ራሱ ከንብ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሕፃኑን ንጉሥ ንቦች ከበቡትና «ንብ ንግሥናውን አወቀ» ተባለ ይላል ትውፊቱ። ለስላሳው ማሩ ገና ያልተበላ ስለሆነ ለብቻው ያምራል፣ ከእንጀራ ጋር ግን ይሰለቻል። ደረቁ ጠንካራ ነው፤ አልኮሉ ከ10 በመቶ ሊያልፍ ይችላል። ለማዕድ መካከለኛውን ውሰዱ።

ቅሪቦ ላይ ግን ልቆይ፤ ብዙ የመጠጥ ንጽጽር ዘሎት ስለሚያልፍ። የተቆላ ገብስ በውሃ ፈልቶ ይጠለላል፣ ስኳርና ጥቂት እርሾ ገብቶበት ያድራል፣ በማግስቱ ይጠጣል። ጥቁር ቡናማ ነው፤ በላዩ ቀጭን አረፋ አለው። ስትቀምሱት የምታገኙት የተቆላ ገብስ ጣዕም በስታውት ውስጥ ካለው ጋር አንድ ነው፤ ስታውትን ስታውት ያደረገው የተቆላ ገብስ ነውና። ማለትም ወሎ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም፣ ለሕፃኑም ለሹፌሩም የሚቀርብ፣ ከጥብስ ጋር ከማንኛውም ቢራ ጋር የሚወዳደር መጠጥ አለው። ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ መፍላቱን ስለሚቀጥል በወጣበት ቀን ይጠጣ። ብርዝም እንደዚያው ነው፤ የዕለቱ ብርዝ የማር ውሃ ነው፣ የከረመ ብርዝ ወደ ጠጅ መንገድ ጀምሯል።

ወሎ ላይ ማዕድ ሲሰናዳ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም እንግዳ ሥጋው ለየብቻ ታርዶ ይቀርባል፤ ይህን ማንም አይረሳም። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። እንዲህ ባለ አገር ለአንዱ እንግዳ የተመረጠ ፊልተር ቀድቶ ለሌላው ከሱቅ የመጣ ባለ ቀለም ለስላሳ ማስቀመጥ ያሳፍረኛል። ቅሪቦው እንደ ጠላው በዋዜማው ታስቦበት ይጣል።

አሁን ወደ መሶቡ

የፍየል ጥብስ። ስብ አለው፣ የእሳት ጠባሳ አለው፣ የጥብስ ቅጠልና ቃሪያ አለው፣ በርበሬው ግን ጥቂት ነው። እዚህ ላይ የገብስ ፊልተር አንደኛ ነው፤ የወይራው ጢስ ከሥጋው ጠባሳ ጋር ይገናኛል፣ ኮምጣጣነቱ ስቡን ያጥባል። ቅሪቦና ስታውት ይከተላሉ፤ የተቆላው ገብስና የተጠበሰው ሥጋ አንድ ዓይነት ጣዕም ስላላቸው ይያያዛሉ። ላገር ሦስተኛ ነው ደሴ ላይ። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ ወይም ባቲ በቀትር ከሆነ ግን ቀዝቃዛው ድራፍት አንደኛ ይወጣል፤ በዚያ ሙቀት ጢስ ያለበት ወፍራም መጠጥ አይወርድም። ምግቡ ያው ነው፣ የሚለየው አየሩ ነው።

ዶሮ ወጥ። ቂቤው፣ ለሰዓታት የበሰለው ሽንኩርት ጣፋጭነት፣ በርበሬው። መካከለኛ ጠጅ አንድ ብርሌ ብቻ ለመጀመሪያዎቹ ጉርሻዎች፤ ከዚያ ለጋ ጠላ ወይም አምበር። የአምበሩ ብቅል ከሽንኩርቱ ጣፋጭነት ጋር ይስማማል፣ በርበሬውን ያረጋጋዋል። እንቁላሉ ላይ ስትደርሱ የጠጁን ቀሪ መልሱ፤ አስኳልና ማር ይስማማሉ። አይፒኤና ብዙ ጋዝ ያለው ነገር ይቅር።

ቁርጥ። ጥሬ ሥጋ ጣዕሙ ስስ ነው፤ ጢስ ያለበት ጠላ ይሸፍነዋል፣ ጠጅ ይጫነዋል። ንጹሕ ላገር፣ ከልክ በላይ ያልቀዘቀዘ። አዋዜውን ቀነስ አድርጉለት።

የሐይቅ አሳ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ሐይቅ ዳር ስትቀመጡ ቆሮሶው ሙሉውን ተጠብሶ፣ ጎኑ ተተልትሎ፣ ሎሚ አብሮት ይመጣል። ቆዳው ሲሰበር ድምፅ አለው። እዚህ ላይ ክርክር የለኝም፤ ቀዝቃዛ ላገር ነው፣ ያልተጣራ ፈዛዛ ክራፍት ቢራ ከተገኘ ደግሞ ይበልጣል። የታጠነ ጋን ጠላ ከአሳ ጋር ሞክሬ አሳው ጠፋብኝ፤ አፌ ውስጥ የቀረው ወይራ ብቻ ነበር።

የጾም ማዕድ። በጾም ከመጠጥ የሚከለከል ሰው ብርዝ ወይም ቅሪቦ አለው። ለሌላው፣ ሽሮ ከጉሽ ጋር ግሩም ነው፤ ሁለቱም ወፈር ያሉ፣ ሁለቱም የተቆላ እህል ጣዕም ያላቸው ናቸው። ስልጆና አዚፋ ሰናፍጭ አለባቸው። ሰናፍጭ አፍንጫ ላይ ይወጣል፤ ጋዝ ያለው ነገር ከጨመራችሁበት ዓይን ያስለቅሳል። ጋዙ የለዘበ ቅራሪ ብቻ።

አንድ ብቻ መግዛት ከተቻለ

ብዙ ቤት አምስት ዓይነት መጠጥ አያሰልፍም፤ አቅሙም ቦታውም የለም። ጥብስም ወጥም ሽሮም ለሚቀርብበት፣ የተለያየ እንግዳ ለሚመጣበት የደሴ ምሳ እኔ የማደርገው፦ ለአሥር ሰው አሥር ሊትር ያህል በሁለተኛው ቀኑ ያለ የገብስ ፊልተርና አምስት ሊትር ቅሪቦ። ፊልተሩ ለወጡ ጠንከር ካለ በማንቆርቆሪያው ውስጥ ጥቂት ቅራሪ እቀላቅልበታለሁ፤ አክስቴ ይህን ስታይ ፊቷን አዙራለች፣ እንግዶቹ ግን ማንቆርቆሪያውን ባዶ መልሰዋል። ሐረጎን የሚወርድ ሹፌር ካለ ከመጀመሪያው ቅሪቦው ጋር አስቀምጡት፣ ፊልተሩን አታሳዩት።

የሚያምነው ጠላ ጠማቂ የሌለው ሰው፣ ግማሽ ሳጥን ላገር ለጥብሱና ግማሽ ሳጥን አምበር ለወጡ ይግዛ። ዋጋው ከአንድ ሳጥን ላገር ብዙ አይርቅም፣ ማዕዱ ግን ይለወጣል።

ጀሪካኑን ስታመጡ ክዳኑን አጥብቃችሁ አትዝጉ፤ ገና እየሠራ ስለሆነ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ከመኪና ሲወርድ ጥላ ላይ አንድ ሰዓት ይረፍ፣ አይናወጥ፣ ከላይ ከላይ ይቀዳ። ታች የሚቀረውን አተላ ለማሟጠጥ ብላችሁ አታዘንብሉት፤ ላም ያላት ጎረቤት ካለች ባልዲዋን ይዛ ትመጣለች።